ቦንድ መዋጮ አይደለም

ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ሰብስቦ ትልቅ ሥራ መሥራትን ዛሬ ክራውድፈንዲንግ ይሉታል። ዕቁብና ዕድር ለለመደ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ገንዘቡ በስጦታ፣ በአክሲዮን ወይም በብድር ይሰበሰባል። በ8100 አጭር መልእክት ለሕዳሴ ግድብ የተላከው ስጦታ ነበር፤ ቦንዱ ግን ብድር ነው።

እናቴ የቦንድ ወረቀቷን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። የመክፈያው ቀን ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት አገኘሁትና «እማዬ፣ ለምን አታወጪውም?» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ ለዓባይ የሰጠሁትን መልሼ ልጠይቅ?»

ፍቅሯን አከብራለሁ፤ ግን አልሰጠችም፣ አበደረች። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስጦታ የተቀበለ ያመሰግናል፤ የተበደረ ግን በቀጠሮው ቀን ዋናውን ከነወለዱ ይዞ መቅረብ አለበት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የግድቡ መሠረት ሲጣል መንግሥት ወደ ሕዝቡ የዞረው በዚህ ውል ነው። ከወጪው አብዛኛው ከባንክ ብድር እንደመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በተሠራ ግድብ ላይ ደመወዟን በየወሩ ያስቆረጠች መምህርት አበዳሪ መሆኗ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የአበዳሪ መብት ምን ያህል እንደሚከብድ አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. 3,100 ያህል የአሜሪካ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የግድቡን ቦንድ ገዙ፤ ሽያጩ ግን በዚያ አገር ሕግ አልተመዘገበም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ይዞ ሻጩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል 6.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጠላት ሥራ ቆጠርነው። ለእኔ ግን ለአገሩ ፍቅር ብሎ የገዛውም ሰው በሕግ ዓይን ባለገንዘብ መሆኑን ያየሁበት ነው።

ስለዚህ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ ቀኑን እዩ። የመክፈያውን ዘመን ሳይጠይቅ የሚገዛ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ ለልጆቹ ሳይናገር የሚቀመጥ ብዙ ነው።

እማዬን ይዣት ባንክ ሄድን። ገንዘቧን ከነወለዱ ቆጥራ ተቀበለችና እዚያው መስኮት ላይ በዋናው አዲስ ቦንድ ገዛች። ወለዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።