ያውቁ ኖሯል? ለሺህ ስልክ የተላከ አንድ መልእክት

ስልክዎ «ተልኳል» ሲል መልእክቱ የደረሰው እስከ ቴሌኮሙ የመልእክት ማከማቻ ብቻ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የተቀባዩ ባትሪ ካለቀ ወይም ሰውየው ኔትወርክ ከማይገባበት ሸለቆ ውስጥ ካለ፣ መልእክቱ እዚያው ይጠብቃል። ስልኩ ተከፍቶ ከታወር ጋር ሲገናኝ ማከማቻው እንደገና ይልከዋል።

ጥበቃው ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት አያልፍም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ወልድያና አካባቢዋ ለወራት ስልክ ተቋርጦባቸው ነበር። ከአዲስ አበባ «ደህና ናችሁ ወይ?» ብለው ጽፈው ምላሽ ያጡ ሁሉ ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፦ ቀኑ ያለፈበት መልእክት ይሰረዛል፣ መስመር ሲመለስም አይመጣም። ዘመድ አይቶ ዝም አላለም፤ አልደረሰውም።

በላቲን ፊደል 160 ቦታ ያለው አጭር መልእክት፣ በፊደላችን ሲጻፍ 70 ብቻ እንደሚይዝ ያውቁ ኖሯል? ከ70 ካለፈ ባለ 67 ቁራጮች ይሆናል። 140 ፊደል ያለው ምክር በሦስት ተቆርጦ ይጓዛል፤ አንዱ ቁራጭ ከቀረ ምክሩ ይጎድላል። «ነገ ዝናብ አለ፤ የታጨደ ጤፍ ዛሬ ይከመር» የሚለው ግን ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 26 ነው። በኅዳር ለመርሳ ገበሬ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ማንበብ ለማይችልስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች መስመር ምክሩን በድምፅ ያሰማል፤ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያም ወደ ስልክ ይልካል። የምክር ምንጭ ሩቅ አይደለም፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው መርሳ ባለችበት ሐብሩ ወረዳ ነው።

ለብዙ ሰው በአንዴ ሲላክስ? በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያው ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ለዚያ ሁሉ ተመልካች ስልክ አንድ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ቢሰራጭና እያንዳንዱ «ደርሶኛል» ብሎ ቢመልስ መልሱ ራሱ መስመሩን ያንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኖርም የተባለ የኢንተርኔት ሥርዓት ይህን ገልብጦታል፦ የደረሰው ዝም ይላል፣ የጎደለበት ብቻ ይጠይቃል። እሱም ቢሆን ጥቂት ቆይቶ ነው፤ ሌላው ከቀደመው እሱ ይተዋል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ዋይፋይ ለአንድ ስልክ ሲልክ ማረጋገጫ ይቀበላል፤ ለብዙዎች በአንዴ ሲልክ ግን አይቀበልም። የጎደለበት ካልጠየቀ የጠፋው እንደጠፋ ይቀራል።

ለሺህ ገበሬ የሚላክ የጽሑፍ መልእክትስ? እሱ በእርግጥ ሺህ መልእክት ነው፤ ለእያንዳንዱም የመድረሻ ማረጋገጫ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የምትልኩ ቢሮዎች፣ ያልደረሳቸውን ቁጥሮች ለይታችሁ ዝርዝሩን በዚያው ቀን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ስጡት።