ቤትም ያሳምማል

ሰው ከወባ ይታመማል፤ ከቆሻሻ ውሃ ይታመማል። ከገዛ ቤቱስ ይታመማል? አዎን፣ ቤትም ያሳምማል።

ይህ ነገር በደንብ የታወቀው በሩቅ አገር፣ በጸሐፊዎች ቢሮ ነው። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ናረ። በአውሮፓና በአሜሪካ በብርድ ወራት ቤት የሚሞቀው በነዳጅ ነው። ሙቀቱ እንዳይባክን ብለው ብዙ ሕንፃዎችን መስኮታቸው እንዳይከፈት አድርገው ሠሩ። ከውጭ በሞተር የሚነፋውንም አየር ቀነሱት።

ከዚያ ወዲያ ጸሐፊዎቹ ራሳችንን አመመን፣ ዓይናችንን አቃጠለን፣ ጉሮሯችን ደረቀ ማለት አበዙ። ሥራ ጠልተው ነው የሚላቸው አልጠፋም። የእኛም አገር ገበሬ ቢሰማ ይስቃል፤ በጥላ ተቀምጦ ወረቀት የሚጽፍ ሰው ምን ያመዋል? ነገር ግን አንድ ምልክት ነበረ። ከሕንፃው ሲወጡ ይሻላቸዋል፤ ሲመለሱ ያማቸዋል። ከቀለም፣ ከማጣበቂያና ከምንጣፍ የሚወጣው ሽታ፣ ከርጥብ ግድግዳም የሚበነው ሻጋታ መውጫ አጥቶ እነሱው ይተነፍሱት ነበር። በፈረንጆች 1984 የዓለም ጤና ድርጅት ከአዲስና ከታደሱ ሕንፃዎች ከመቶ እስከ 30 የሚሆኑት እንዲህ ያለ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል ብሏል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጢስ ዓባይ ስሙን ያገኘው ከፏፏቴው ከሚነሳው የውሃ ብናኝ ነው። ያ ጢስ ማንንም አይጎዳም። እዚያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ በገጠሩ ዛሬም ብዙ እንጀራ የሚጋገረው በእንጨትና በኩበት ነው። የሚጎዳው ጢስ ይህ ነው። የጋጋሪዋ ዓይን ሲያለቅስ "ለምዳዋለች" እንላለን። ዓይን ግን ጢስ አይለምድም፤ ሳንባም አይለምድም። ጢሱ ሲከማች የዓይን ሞራና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ከእሷ ይልቅ የሚያሳዝነው በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ነው። የቤት ውስጥ ጢስ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙን ዕድል በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል።

ጢስ ጥቅም የለውም አንልም። ነቀዝ ያባርራል፤ ለሣር ክዳኑም ይበጃል። ቢሆንም ለዘር በቆሎ የሚበጅ ለልጅ አይበጅም።

ምን ይደረግ? ምርጥ ምጣድ የሚባለው ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ እንጨት ለቃሚዋንም ያሳርፋል። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። በምዕራብ ጎጃም፣ በሜጫ፣ የተሻሻለ ምጣድ ለብዙ ቤቶች ተሰጥቶ ተጠንቶ ነበር። በፈረንጆች 2021 የወጣው ውጤት የሕፃናቱ የሳንባ በሽታ ይህን ያህል እንዳልቀነሰ አሳየ። ምድጃው ቢለወጥም ጢሱ ከቤት ካልወጣ ያው ነው። ስለዚህ ማድ ቤቱን ከመኝታው ለዩት። ከበሩ ትይዩ መስኮት አውጡ፤ ከጣሪያው ሥርም ጢስ መውጫ ተዉለት። እንጨቱ ይድረቅ። ሕፃኑን በመጋገሪያ ሰዓት ሌላ ሰው ይያዘው፤ አባቱም ቢሆን።

ስለ ከሰል አንድ ነገር እንጨምር። ከሰል ሲግም ጢሱ ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ይወጣዋል። በክረምት በር ዘግተው፣ ከሰል አጠገባቸው አድርገው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ አሉ። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡ። በከሰል ቤት ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ብታገኙ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ቶሎ ወደ ነፋሻ ቦታ አውጡት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።