ከተማ ሲያድግ ውሃው ከየት ይመጣል?

የትናንሽ ከተሞች የወደፊት ዕድገት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የአስፋልትና የሕንፃ ጉዳይ ነው። እኛ ግን ስሌቱን ከውሃ እንጀምር። የአንድ ከተማ ሕዝብ በዓመት በ5 በመቶ ቢያድግ፣ 70ን ለ5 ስናካፍል 14 እናገኛለን፤ ይኸውም ሕዝቡ በ14 ዓመት እጥፍ፣ በ28 ዓመት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ሐረርን እንውሰድ። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ውሃ የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በመስኖ፣ በደለልና በከተሞች ፍጆታ ተዳክሞ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደረቀ (በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ መያዙ ደስ ያሰኛል)። ስለዚህም ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ውሃ በቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነ። ድሬዳዋ ግን ከሐረር ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ኪሎ ግራም፣ 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 1,000 × 9.8 × 600፣ ወደ 5.9 ሚሊዮን ጁል ወይም 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ይህ የቧንቧው ሰበቃና የፓምፑ ብክነት ሳይታሰብ ነው። ፍጆታው እጥፍ ሲሆን የኤሌክትሪክ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውሃውም አብሮ ይቆማል።

ስለዚህ በመሪ ፕላን ላይ በቅድሚያ የሚሰመረው የጎዳና መስመር ሳይሆን፣ ቤት የማይሠራበት የውሃ መገኛ ወሰን ሊሆን ይገባል እንላለን። ጎዳናን፣ ካሳው ቢከብድም፣ ዘግይቶ ማስፋት ይቻላል።