በድንገተኛ ክፍል በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት ካሣ እንዴት ይጠየቃል?

ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ለመዳን ነው። አንዳንዴ ግን እዚያው ሐኪም ቤት ውስጥ ሌላ ጉዳት ይደርስበታል። ብዙ ሰው «የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብሎ ዝም ይላል። ጉዳቱ በቸልተኝነት የመጣ ከሆነ ግን ካሣ መጠየቅ መብት ነው።

ቸልተኝነት ምንድን ነው?

ቸልተኝነት ማለት ማድረግ የሚገባን ነገር ሳያደርጉ መቅረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031፣ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ እንበል። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል አደረሱት። እግሩ በጀሶ ታሰረ። ማታ «ጀሶው አጠበቀኝ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ቀዘቀዙ» ብሎ ቢጮህ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ሲነጋ ጣቶቹ ጠቁረው ተገኙ። እግሩም ተቆረጠ። ጀሶ ከጠበቀ ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል። ጣት ሲደነዝዝ ቶሎ ማየትና ጀሶውን ማላላት የሙያው ደንብ ነው። ስለዚህ ይህ ቸልተኝነት ነው።

እግሩ ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት ሞቶ ከነበረና ሐኪሙ የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ ከቆረጠው ግን ጥፋት የለም። አስቀድሞ ወጌሻ አስሮት ከሆነም እውነቱን መናገር ይገባል። ጉዳቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበትና።

ሕክምና መከልከልስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 537፣ በጣም ለተቸገረ በሽተኛ ያለ በቂ ምክንያት የሙያ አገልግሎት መንፈግን ያስቀጣል።

ካሣውን ማን ይከፍላል?

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2651 መሠረት፣ ሐኪም ቤቱ ቀጥሮ የሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው ለሚያደርሱት ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ ገበሬው ያሰረውን ሰው ስም ባያውቅም ሐኪም ቤቱን መክሰስ ይችላል። በሽተኛው ቢሞት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ካሣ ይጠይቃሉ።

ካሣ የሚከፈለው በጉዳቱ ልክ ነው። ለሕክምና የወጣው ገንዘብ ይቆጠራል። አካሉ ስለጎደለ የቀረበት የእርሻ ገቢም ይቆጠራል። ለኅሊና ሐዘን ግን ሕጉ ሲወጣ የወሰነው ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር የቀረውን ገቢ ማስረዳት ነው። ቀድሞ በዓመት ስንት ኩንታል ያገኝ ነበር? አሁንስ ማሳውን ለእኩል ሰጥቷል? ይህን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

ምን ይደረግ?

1ኛ፣ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ራጅና የሪፈር ወረቀት አይጣሉ። የገቡበትን ቀንና ሰዓት፣ ያደረሷችሁንም ሰዎች ስም ጻፉ።

2ኛ፣ ለሐኪም ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ በጽሑፍ አቅርቡ። የሕክምና ማስረጃም ጠይቁ። የማመልከቻውን ግልባጭ አስፈርማችሁ ያዙ።

3ኛ፣ የጤና ሥራን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሙያው ደንብ መጠበቁን ይመረምራል። ካሣ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው።

4ኛ፣ ክሱን ለፍርድ ቤት አቅርቡ። ለዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው «በደሃ ደንብ ልክሰስ» ብሎ ማመልከት ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ለድሆች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

5ኛ፣ ቀን ቁጠሩ። በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «ለሐኪም ቤቱ አመልክቻለሁ፤ መልስ እጠብቃለሁ» እያሉ መዘናጋት መብትን ያስቀራል።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው በቤቱ ያለችውን ቁራጭ የሐኪም ቤት ወረቀት ዛሬውኑ ያንብባት፤ ቀኗንም አይቶ በደህና ቦታ ያስቀምጣት።