የቤተ ሰብን ሰነድ በአንድ ሣጥን ብቻ ስላለማኖር

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ የተቃጠለ ወይም የጠፋ እንደ ሆነ ልጅ ምን ይወርሳል? የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ ኑዛዜ፣ የፍርድ ውሳኔ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተ ሰብ መብት የቆመባቸው ምሰሶዎች ናቸው። በብዙዎች ቤት ግን ሁሉም በአንድ ሣጥን ታሽገው ይኖራሉ። ስለዚህ ዛሬ ለቤት አባቶችና እናቶች የምናቀርበው ምክር፣ የነዚህን ሰነዶች ቅጂ ክፉ ቀን ሳይመጣ በየስፍራው ስለ ማኖር ነው።

ጎንደር ይህን ነገር በራሷ ታሪክ አይታዋለች። በነገሥታቱ ዘመን የጉልትና የሪም መሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ይጻፍ የነበረው በየአድባራቱ በሚገኙት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋው፣ የዳኞቹና የምስክሮቹም ስም አብሮ ይሰፍር ነበር። ቅዱስ መጽሐፍን ደፍሮ የሚፍቅ ሰው ስለማይገኝና ካህናቱም ነቅተው ስለሚጠብቁት፣ ለጊዜው ከዚህ የሚሻል መዝገብ ቤት አልነበረም።

ይሁን እንጂ በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን በዘረፉ ጊዜ ከአድባራቱ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ በወደቀች ጊዜም ከነዚያ መጻሕፍት በርካቶቹ ባሕር ተሻግረው ሎንዶን ገቡ፤ የጎንደር አድባራት የመሬት ነገርም በኅዳጋቸው ተጽፎ እዚያው ይገኛል። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቷን ባቃጠሉ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰሉ ጥቂቶች ሲተርፉ በሌሎቹ የነበረው ጽሑፍ ከሕንጻው ጋር ጠፋ። እነዚያ መዛግብት የጠፉት በደንብ ስላልተጻፉ አይደለም፤ በአንድ ስፍራ ብቻ ስለ ነበሩ ነው።

ከዚህ ትምህርት ያገኙ ሊቃውንት በ1960ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀምረው፣ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛውን በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አኖሩ። በአንጻሩ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በእጁ ካሉት የኢትዮጵያ መጻሕፍት ብዙዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንበዴዎች ባደረሱበት ጉዳት ሥዕሎቹን ማየት ለረጅም ጊዜ ሳይቻል ቀረ። ታላቅ ቤተ መጻሕፍት እንኳ በአንድ መንገድ ብቻ ቢታመን ይህ ከደረሰበት፣ የግል ቤትማ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባዋል!

ነገሩም ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ከሰሜን ጎንደር ደጋ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። በዚያ ሰዓት እናት ልጇን ታዝላለች እንጂ ሣጥን አትከፍትም። ሆኖም በአማራ ክልል ለባልና ለሚስት በጋራ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ነው። ባል ቢሞትባት ሚስቲቱ ከወንድሞቹና ከዘመዶቹ ጋር በምትከራከርበት ጊዜ መከታዋ ይኸው ደብተር ነው። የእርሱ መጥፋት እንግዲህ የወረቀት መጥፋት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በስልክ የተነሣ ሥዕልና ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ግልባጭ በዳኛ ፊት እኩል አይደሉም። ታዲያ ሥዕሉ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ዋናው ወዴት እንደ ተመዘገበ ስለሚመራ ነው። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን እንደምናየው፣ «ውሳኔ ነበረኝ፣ ጠፋብኝ» ብሎ ብቻ የሚመጣ ባለ ጉዳይ ብዙ ቀን ይመላለሳል። የመዝገቡን ቁጥር፣ ቀኑንና የችሎቱን ስም ይዞ የመጣ ግን ከመዝገብ ቤት ግልባጭ ለማግኘት መንገዱ ያጥርለታል። የይዞታ ደብተርም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃም በመዘገበው ጽሕፈት ቤት የሚፈለገው በቁጥሩና በቀኑ ነው።

ስለዚህ ሰነዱን ፎቶግራፍ ስታነሡ በቀን ብርሃን፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ፣ አራቱ ማዕዘን ሳይቆረጥ፣ ገጹንም ጀርባውንም አንሡ። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ፊርማውና ማኅተሙ መነበቡን እዚያው አረጋግጡ። ለእያንዳንዱም ሥዕል የባለቤቱንና የሰነዱን ስም ስጡት፤ ስም የሌለው ሥዕል ከሺህ ሥዕሎች መካከል በጭንቅ ቀን አይገኝምና።

ቅጂውንም በሦስት ስፍራ አኑሩ። አንደኛው በእጅ ስልካችሁ ይሁን። ሁለተኛው በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ካርድ ሆኖ በሌላ ከተማ በሚኖር የታመነ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሦስተኛው በኢሜል ወይም በኢንተርኔት ማኅደር ይሁን። በዚህ በሦስተኛው ብቻ መታመን ግን አይገባም፤ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ በዚያ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ በደጅ ተቆልፎ እንደ ቀረ ሣጥን ነበር።

ቅጂን ማብዛት ምሥጢርን መበተን እንዳይሆንም ተጠንቀቁ። የባንክ የምሥጢር ቁጥር ከሰነዶቹ ጋር አይቀመጥ፤ የፈይዳ መታወቂያ ሥዕልም ለማንም ለጠየቀ ሁሉ አይላክ። ስልኩና ፍላሹ በይለፍ ቃል ይቆለፉ፤ ቃሉን ግን ባል ብቻ ወይም ሚስት ብቻ የሚያውቁት አይሁን፤ አንዱ የሄደ ቀን ሌላው ከገዛ መዝገቡ ደጅ እንዳይቆም።

በዓመት አንድ ቀን፣ ይልቁንም ዘመን ተለውጦ ቤተ ሰብ በሚሰበሰብበት በመስከረም፣ ሣጥኑ ተከፍቶ አዲስ የተጨመረው ሰነድ ይነሣ፤ አካለ መጠን ያደረሱ ልጆችም ምን ምን እንዳለና ወዴት እንዳለ ይወቁ። ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም፤ የጠፋን መብት በምስክር ለማስመለስ የሚፈጀው ጊዜ ግን ስንት እንደ ሆነ በፍርድ ቤት ደጅ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።