በገላባት ኮረብታ ፊት

በበጋ ማለዳ ከመተማ ዮሐንስ ዳርቻ ቆመን ወደ ምዕራብ ተመለከትን። ድንበሩን የሚያመለክተው ወንዝ ደርቆ አሸዋው ብቻ ቀርቷል። ከማዶ፣ የገዳሪፍ መንገድ ወደ ድንበር በሚደርስበት ላይ፣ የገላባት ኮረብታ ይታያል። የጥንት ሮማውያንን ምሽግ የሚጎበኝ ሰው የተጠረበ ድንጋይ ሲመረምር ይውላል፤ እኛ ግን ከግንቡ ይልቅ ከፊቱ የተዘረጋው ሜዳ ሳበን።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘኪ ቱማል የሚመራውን የደርቡሽ ጦር የገጠሙት በዚሁ ሥፍራ ነው። ደርቡሾች በእሾህ አጥር ተከልለው ጠበቁ። ሠራዊታችን አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም በእጁ የገባ መሰለ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመትተው ወደ ድንኳን መወሰዳቸው በተሰማ ጊዜ ግን የጦሩ ልብ ተሰበረ፤ ያሸነፈው ወገን ማፈግፈግ ጀመረ።

ከ52 ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ጦር በዚያው ሜዳ ተሰለፈ። ጣልያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ገላባትን ይዘው ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚታዘዘው 10ኛው የህንድ ብርጌድ አጠቃ። የጋርዋል ሻለቃ ምሽጉን በጠዋት ያዘ። ቀጣዩ ግብ መተማ ነበረች፤ ይሁን እንጂ ከ12ቱ ታንኮች 9ኙ በፈንጂና በቋጥኝ ከጥቅም ውጭ ሆኑ፤ ሰማዩም በጣልያን አውሮፕላኖች እጅ ወደቀ። በድብደባው መካከል «ጠላት ደረሰ» የሚል ወሬ ተነሣ። ከእንግሊዛውያኑ ሻለቃ አንዳንዶቹ ሸሹ፤ በመኪና ወደ ኋላ የሚበሩትን ያየ ሁሉ ወሬውን እውነት አደረገው። ማን እንደጀመረው መጠየቁ ዋጋ የለውም፤ በጭንቅ ሰዓት ወሬ ባለቤት የለውም።

ስሊም መተማን እንደገና ለማጥቃት አሰበ፤ መኮንኖቹ ግን የሚያሰጋ መሆኑን ነገሩት፤ እሱም ጦሩን መለሰ። ኋላ በርማ ላይ 14ኛውን ሠራዊት እየመራ ድል ያደረገው፣ ፊልድ ማርሻል የተባለው ይኸው ሰው ነው። ከ19 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በገላባት ከሁለት መንገዶች ደፋሩን ትቶ ፍርሃቱን እንዳማከረ ጽፏል። ጥፋቱን በታንኩም በሸሸውም ወታደር ላይ አልጣለም።

ይህን ስናወሳ ከመካከላችን አንድ ወጣት ወታደር ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጌታዬ፣ ይህን ራሱ ነው የጻፈው?» ሲል ጠየቀ። ራሱ መሆኑን ነገርነው። ቀና ብሎ ኮረብታውን ለረጅም ጊዜ አየ። እኛም አላስቸኮልነውም፤ ፀሐይዋ ግን እየከረረች፣ የውሃ ኮዳችንም እየቀለለ ነበር።

ጣልያኖች መተማን የለቀቁት በጥር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ስሊም ኤርትራ ውስጥ ቆስሎ ነበር።