ሳይበሳ የሚነበብ ራስ ቅል

አራስ ልትጠይቅ ገብታ የሕፃኑን እርግብግቢት በዓይኗ ሳታይ የምትወጣ ባልቴት ብዙም አትገኝም። እርግብግቢት የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ያልገጠሙበት ለስላሳ ስፍራ ነው። ሕፃኑ በተቅማጥ ፈሳሽ ሲያልቅበት ይሰረጉዳል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት ሲበረታ ደግሞ ያብጣል። ተፈጥሮ የሠራችው የግፊት መለኪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ፣ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲሞላው እርግብግቢቱ ገጥሞ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ ራስ ቅል የተዘጋ ሣጥን ነው ተብሎ ኖሯል። በውስጡ አንጎል፣ ደምና ውሃ መሰል ፈሳሽ አለ። የኤድንብራው ሐኪም አሌክሳንደር ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1783፣ ቀጥሎም ጆርጅ ኬሊ በ1824 እንዳስረዱት፣ ሣጥኑ ስለማይሰፋ ከሦስቱ አንዱ ሲጨምር ሌላው ቦታ መልቀቅ አለበት። የሚለቀቅ ቦታ ሲያልቅ ግፊቱ ይጨምራል። ጋደም ባለ ጤነኛ አዋቂ ላይ ከ7 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ጭንቅላቱ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ላይ ከ22 ካለፈ ሐኪሞች ለማውረድ ይሯሯጣሉ።

ቁጥሩን ለማወቅ ግን አጥንቱን በስቶ ቀጭን ቱቦ አንጎል ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ስዊድናዊው ኒልስ ሉንድበርግ በ1960 ያስተዋወቀው ይህ መንገድ እስከ ዛሬ የሚተካከለው አልተገኘም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል መቻሉ ነው ጣጣው።

ብራዚላዊው የፊዚክስ ሊቅ ሰርዢዮ ማስካሬኛስ ይህን የተማሩት በራሳቸው ሕመም ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ካለፈ በኋላ አረማመዳቸው ተበላሸ። መጀመሪያ ፓርኪንሰን ተባሉ፤ በኋላ ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ ታወቀና ማስተንፈሻ ቱቦ ተገጠመላቸው። ግፊቱን ለመከታተል ሌላ ቀዳዳ መበሳት የግድ መሆኑ ግን አልተዋጠላቸውም። እናም ሁለት መቶ ዓመት የኖረውን እምነት ጠየቁ፦ አጥንቱ እውነት አይለጠጥም?

ይለጠጣል፤ በማይክሮሜትር የሚለካ ቢሆንም። ድልድይ ሸክም ሲጫነው ምን ያህል እንደተለጠጠ መሐንዲሶች የሚለኩበት ዓይነት ስስ ሴንሰር ራስ ቅል ላይም ሠራ። በመጀመሪያ የራስ ቆዳ ተሰንጥቆ አጥንቱ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ቆይቶ እንደ ሻሽ ግንባር ላይ በሚታሰር ቀበቶ ተተካ። መሣሪያው በእያንዳንዱ የልብ ትርታ የሚነሳውን ሞገድ ይስላል። ሞገዱ ሦስት ጫፎች አሉት፤ በጤናማ ሰው የመጀመሪያው ይረዝማል፣ ሁለተኛው ሲበልጠው አንጎል መላወሻ እያጣ ነው ማለት ነው። ማስካሬኛስ በ2021 በ93 ዓመታቸው አረፉ።

ሌላው በር ዓይን ነው። የዓይን ነርቭ የተጠቀለለበት ሽፋን የአንጎል ሽፋን ተቀጥላ ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲጨምር እሱም ይነፋል። ሐኪሙ አልትራሳውንዱን በተዘጋ ዓይን ላይ አሳርፎ ከዓይን ኳስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ የሽፋኑን ስፋት ይለካል፤ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ያሰጋል። ውድ ማሽን አይፈልግም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ለድሃ ሆስፒታል ከሁሉም የሚሻለው ይኸኛው ይመስላል።

ሁለቱም ግን ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጡም፤ አንዱ የሞገድ ቅርጽ፣ ሌላው ግምት ነው። ማን በአስቸኳይ መበሳት እንዳለበት ይለያሉ። የጠና ሕመምተኛ ሲመጣ ሐኪሙ አሁንም መሰርሰሪያውን ያነሳል።